ልዩነቱን በሊትር ይቁጠሩት

ጥያቄ፦ እኔን፣ ባለቤቴንና ወንድሜን አንድ መኪና ሲያጨቃጭቀን ከረመ። አራት ልጆች አሉን፤ እናቴም አብራን ትኖራለች፤ ስለዚህ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር ትልቅ ኤስዩቪ ለመግዛት ወስነናል። ሻጩ ያንኑ መኪና በሦስት ዓይነት አቀረበልን፤ በቤንዚን ብቻ የሚሠራው፣ ከእሱ የሚወደደው ሃይብሪድ (የቤንዚንና የኤሌክትሪክ ሞተር ያጣመረው)፣ ከሁሉም የሚወደደው ደግሞ «ኃይለኛው ሃይብሪድ» የሚሉት። የባለቤቴን ልብ የወሰደው ሦስተኛው ነው። «ፈጣንም ቆጣቢም ነው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?» ይለኛል። ወንድሜ መካኒክ ነው፤ እሱ ደግሞ «ባትሪው የሞተ ዕለት መኪናውም አብሮ ይሞታል፤ ቤንዚኑን ግዙና እረፉ» ባይ ነው። በዓመት 18,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንነዳለን። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የከተማ መንገድ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ሥራ፣ ገበያ፣ በየመብራቱ መቆም። ቀሪው ረጅም የአውራ ጎዳና ጉዞ ነው። አልፎ አልፎ ቀላል ተጎታች እንስባለን። ለሃይብሪዱ የሚጠየቀው ጭማሪ ይመለሳል ወይስ ለስሙ ነው የምንከፍለው?

የአራት ልጆች እናት

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ፍርዱን አስቀድሜ ልስጥና ምክንያቱን ከኋላ ላምጣው። አነዳዳችሁ እንደ ጻፉልኝ ከሆነ መካከለኛውን ሃይብሪድ ይውሰዱ። ሻጩ ዋጋውን ከልክ በላይ ካልቆለለው በቀር ጭማሪውን ይመልስልዎታል። ባለቤትዎ የወደዱትን ባለ ብዙ ጉልበት ሃይብሪድ ግን በነዳጅ ቁጠባ ስም አይግዙት። በሌላ ስም መግዛት ይቻላል፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ወንድምዎ የሚሰጉበት ነገርም ከነጭራሹ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ስጋታቸው ግን ያነጣጠረው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው።

የክርክራችሁ ውል የጠፋው፣ ኩባንያዎቹ አንዱን ስም ለየቅል በሆኑ ማሽኖች ላይ ስለለጠፉት ይመስለኛል። ከሁሉ ታናሹ ባለ 48 ቮልቱ ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር በቺንጋ ከዋናው ሞተር ጋር ይያያዝና ሲነሳ ይገፋል፣ ሲቆም ያስነሳል፤ መኪናውን ለብቻው አይነዳም። የሚያተርፈው ነዳጅም ያን ያህል ነው። በአንዳንድ ገበያዎች የሚሸጠው ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ላንድክሩዘር ፕራዶ እንዲህ ያለ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ ላንድክሩዘር ተብሎ የሚሸጠው መንትያው ደግሞ ሙሉ ሃይብሪድ ነው። ከውጭ ለሚያያቸው ሰው አንድ ናቸው። ስለዚህ ከኋላ በር ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ትተው ኮፈኑ ሥር ያለውን ይጠይቁ። መለያ ጥያቄው አጭር ነው፤ «ሞተሩ ጠፍቶ በኤሌክትሪክ ብቻ ይሄዳል?» ሻጩ መንተባተብ ከጀመረ መልሱ ታወቀ።

ሁለተኛው ሙሉ ሃይብሪድ ነው፤ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1997 ከፕሪየስ ጋር ገበያ ያወጣው አሠራር የዚህ ዓይነተኛው ምሳሌ ነው። በዝግታ ሲሄድ ሞተሩን አጥፍቶ በባትሪ ይሄዳል፤ ፍሬን ሲያዝ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። የተሠራው ነዳጅ ለመቆጠብ ነው። ሦስተኛው የባለቤትዎ ምርጫ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩን በኃይለኛ ተርቦ ሞተር፣ ማለትም አየር በግፊት በሚጨመርለት ሞተር ላይ የሚደርብ። የዚህኛው ዋና ሥራ መግፋት ነው፤ ነዳጅ ቢቆጥብም እግረ መንገዱን ነው። አራተኛው በግድግዳ ሶኬት የሚሞላው ነው። ሻጩ ስላላቀረበላችሁ በእሱ ላይ ብዙ አልቆይም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ትልቅ መኪና ከሃይብሪድ የሚያገኘው ጥቅም የት ጋ እንዳለ ለማየት አንድ ቀይ መብራት ይበቃናል። ሰውና ዕቃ ጨምሮ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየመጣ መብራቱ ቀላበት እንበል። በዚያች ቅጽበት መኪናው በእንቅስቃሴው የተሸከመው ኃይል 0.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ሲሰሙት ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሊትር ቤንዚን 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይዞ ሳለ፣ ተራ ሞተር በከተማ መንገድ ከዚያ ውስጥ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሩቡን ቢሆን ነው፤ ሌላው በሙቀት መልክ በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ስለዚህ ያችን 60 ለመድረስ ብቻ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ቤንዚን ነዷል። አሁን ፍሬን ያዙ። የፍሬኑ ሸራ ዲስኩን ጨመቀው፣ ዲስኩ ጋለ፣ ሙቀቱን ነፋስ ወሰደው፤ ቤንዚኑም አብሮ ሄደ። እንዲህ 25 ጊዜ ከቆማችሁ አንድ ሊትር ለፍሬን ዲስክ ማሞቂያ አዋላችሁ ማለት ነው። ከከተማ ዳር ወደ መሐል በሥራ መግቢያ ሰዓት ለሚነዳ ሰው 25 መቆሚያ ብዙ አይደለም።

ክብደቱ እኩሌታ የሆነ ትንሽ መኪና በዚያው መብራት የሚያባክነው እኩሌታውን ነው። ሃይብሪድ ለትናንሽ መኪና ነው የሚባለው ወሬ እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ ብዙ የሚባክንበት ዘንድ ነው ብዙ የሚተርፈው። እርግጥ ሁሉም አይመለስም። ኃይሉ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከኤሌክትሪክ ወደ ባትሪ፣ ከባትሪ ወደ ጎማ ሲመላለስ በየደረጃው ይቀነሳል። ፍሬኑም ድንገት ከተረገጠ ሥራው ወደ ሸራው ይዞራል። ቀደም ብሎ ቀስ አድርጎ ፍሬን የሚይዝ ሹፌርና በመጨረሻው ሰዓት ረግጦ የሚያቆም ሹፌር አንዱን ሃይብሪድ ቢነዱ የነዳጅ ሒሳባቸው አይገናኝም።

ከፍሬኑ ሌላ ቆሞ መጠበቅም አለ። ትልቅ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል፤ ማቀዝቀዣው ሲበራ ይብሳል። ሙሉ ሃይብሪዱ ሞተሩን ያጠፋል፤ የማቀዝቀዣው መጭመቂያ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ልጆቹ ኋላ ተቀምጠው አይታፈኑም። ባትሪው ሲጎድል ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይነሳና መልሶ ይጠፋል።

በአውራ ጎዳና ታሪኩ ሌላ ነው። በሰዓት 110 እየተነዳ ፍሬን የሚነካ የለም፤ ስለዚህ የሚሰበሰብ ኃይል የለም። ሞተሩም በዚያ ፍጥነት የሚሠራው በተሻለ ብቃቱ ነው። ነዳጁን የሚበላው አየሩ ነው፤ የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር በካሬ ያድጋል፤ ኤስዩቪ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ሲያዩት ግድግዳ ነው። በጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ጭነው ከሄዱ ደግሞ የባሰ። የኤሌክትሪክ ሞተር ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ በሰዓት ከ120 ወደ 105 ዝቅ ማለት ግን አለው፤ ያውም በነጻ።

ይህ ሁሉ በቁጥር ሲታይ ምን ይመስላል? ቶዮታ ግራንድ ሃይላንደርን ምሳሌ አደርጋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሞዴል ሲወጣ ልክ እንደ እናንተ አማራጭ በሦስት ዓይነት ስለቀረበ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መለኪያ ወደ ሊትር ሲመለስ፣ በፊት ጎማ የሚጎተተው የቤንዚን መኪና በከተማ ለ100 ኪሎ ሜትር 11.2 ሊትር ገደማ፣ በአውራ ጎዳና 8.4 ገደማ ይወስዳል። መካከለኛው፣ ማለትም ቆጣቢው ሃይብሪድ በከተማ 6.4፣ በአውራ ጎዳና 6.9። ልብ ይበሉ፤ ሃይብሪዱ ከተማ ውስጥ ከአውራ ጎዳናው ይልቅ ያንሳል፤ ተራ መኪና የማይሞክረው ነገር ነው። ትርፉ በከተማ 4.8 ሊትር፣ በአውራ ጎዳና 1.5 ሊትር መሆኑ ነው። ኃይለኛው ሃይብሪድ ግን በከተማ 9 ሊትር፣ በአውራ ጎዳና 8.7 ገደማ ነው። በአራቱም ጎማ ስለሚጎተት ከፊት ጎማው መኪና ጋር ማወዳደሩ ትንሽ ይበድለዋል፤ ቢሆንም በረጅሙ መንገድ ላይ ከቤንዚኑ የሚለይበት ነገር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ባለቤትዎ የሚሉት ቁጠባ በአውራ ጎዳና ላይ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ወደ እናንተ 18,000 ኪሎ ሜትር እንምጣ። 12,000ው ከተማ ከሆነ ቆጣቢው ሃይብሪድ በዓመት 576 ሊትር ያተርፋል፤ ከ6,000ው የአውራ ጎዳና 90 ሊትር ይጨመራል። በድምሩ 666 ሊትር። በእውነተኛ መንገድ ቁጥሩ ወዲህና ወዲያ ይላልና 600 እንበለው። ኃይለኛው በዚያው መንገድ ከከተማው 260 ሊትር ያህል ቢያተርፍ ነው፤ የሚጠየቅበት ጭማሪ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ብዙ ይከፈልበታል፣ ጥቂት ይመልሳል።

አሁን ዋጋውን። እኔ ይህን ሒሳብ በገንዘብ አልሠራም፤ በሊትር ነው የምሠራው፤ እርስዎም እንዲያ ያድርጉ። በቤንዚኑና በሃይብሪዱ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት በነዳጅ ማደያችሁ የአንድ ሊትር ዋጋ ያካፍሉት። የሚያገኙት ቁጥር ሻጩ «አስቀድመሽ ይህን ያህል ሊትር ክፈይኝ» ያለዎት ነው። 2,000 ሊትር ከወጣ በሦስት ዓመት ከምናምን ተመለሰ፤ ዓይንዎን አይሹ። 3,600 ከወጣ ስድስት ዓመት ነው፤ መኪናውን ያን ያህል የምትይዙት ከሆነ አሁንም ያዋጣል። 6,000 ሊትር ከወጣ አሥር ዓመት ይፈጃል፤ ያኔ የወንድምዎን ምክር ይስሙ። ነዳጅ በሚወደድበት አገር ያው ጭማሪ በሊትር ሲቆጠር ያንሳል፤ በሚረክስበት ይበዛል። ለዚህ ነው አንዱ ሰው «አያዋጣም» ሲል ሌላው «እንዴት አይገዛም?» የሚለው፤ ሁለቱም በየማደያቸው ልክ ናቸው። መኪናው በብድር የሚገዛ ከሆነ የጭማሪውን ወለድ ጨምሩበት።

ነገር ግን ልዩነቱን ከማካፈልዎ በፊት ትክክለኛውን ልዩነት ይያዙ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሻጮች የቤንዚኑን መኪና በጨርቅ ወንበር፣ ሃይብሪዱን በቆዳ ወንበርና በሚከፈት ጣሪያ አቅርበው «ልዩነቱ ይህ ነው» ይላሉ። የቆዳውን ዋጋ ባትሪው ላይ አትጫኑት። ወንበሩ፣ ጎማው፣ ድምፅ ማጉያው፣ በሁለት ጎማ ወይም በአራት ጎማ መጎተቱ አንድ የሆኑ ሁለት መኪኖች ዋጋቸው በጽሑፍ ይቅረብልዎት። ያ ሲሆን ትልቅ የሚመስለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይሟሟል። መኪናውን ስትሸጡት ሃይብሪዱ ከጭማሪው የተወሰነውን ይዞ እንደሚቆይም አትርሱ፤ ምን ያህል እንደሆነ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ወጥተው የሁለቱን የአምስት ዓመት መኪና ዋጋ ቢያወዳድሩ ያገኙታል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። እኛ ሰዎች «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ማለት እንወዳለን፤ ይህ አጠያየቅ ትልልቅ መኪኖችን ይበድላል። በሊትር 15 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ትንሽ መኪና በሃይብሪድ 20 ብትገባ አምስት አተረፈች ተብሎ ይጨበጨባል። በሊትር 6 የሚሄድ ግዙፍ መኪና 8 ቢገባ «ሁለት ብቻ!» ተብሎ ይናቃል። ለ100 ኪሎ ሜትር አስሉት፤ ትንሿ ያተረፈችው 1.7 ሊትር ነው፤ ግዙፉ 4.2። ሁለቷ ከአምስቷ እጥፍ በላይ ትበልጣለች። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2008 ሞዴል ሸቭሮሌ ታሆ የተባለውን ግዙፍ ኤስዩቪ ሃይብሪድ አድርጎ ሲያወጣ ብዙዎች እንደ ቀልድ አዩት። ነገር ግን ተራው ታሆ በከተማ 16.8 ሊትር ሲወስድ እሱ 11.2 ነበር የሚወስደው፤ የጊዜው ባለ አራት ሲሊንደር ቶዮታ ካምሪ በከተማ የሚወስደውን ያህል። ቴክኒኩ ሠርቶ ነበር። የጣለው ዋጋው ነው፤ ጭማሪው እጅግ ከባድ ስለነበር ገዢ አጣና እ.ኤ.አ. በ2013 ቀረ።

የዚያ ዘመን ሌላ ታሪክ ለወንድምዎ ይጠቅማቸዋል። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ2008 ዶጅ ዱራንጎንና ክራይስለር አስፐንን በሃይብሪድ ሠርቶ ገና ገበያው ሳይለምዳቸው ፋብሪካው ተዘጋ። የገዛቸው ሰው ዘመድ የሌለው መኪና ይዞ ቀረ። እኔ ከባትሪ ይልቅ የምፈራው ይህን ነው። ብዙ የተሸጠ ሃይብሪድ መለዋወጫው ይገኛል፣ መካኒኩ ያውቀዋል፣ ባትሪ አዳሹ ይበዛል፤ ጥቂት የተሸጠ ግን አንድ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚያስማማው መሣሪያ) ሲቃጠልበት ባለቤቱን ያንከራትታል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ወንድምዎን አንድ ሥራ ይስጧቸው፤ በአካባቢያችሁ ያንን ሃይብሪድ የሚፈታ ስንት ጋራዥ እንዳለ፣ የባትሪውና የኢንቨርተሩ ዋጋ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ዋጋ የሚሰጥ ሰው ከጠፋ ባትሪው ቢሞት ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ነው።

ዋጋ ከተገኘ ግን ባትሪው እንደሚፈራው አይደለም። እነዚህ መኪኖች ባትሪውን እስከ አንገቱ አይሞሉትም፣ እስከ ወለሉም አያወርዱትም፤ የቶዮታ አሮጌው የኒኬል ባትሪ በአብዛኛው ከ40 እስከ 80 በመቶ መካከል ነው የሚመላለሰው፤ ዕድሜውን የሚያረዝመው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ገበያ የወጣው ፎርድ ኤስኬፕ ሃይብሪድ በኒው ዮርክ ታክሲ ሆኖ በመቶ ሺዎች ኪሎ ሜትር ተነድቷል፤ ከዚያ የባሰ ፈተና የለም። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለባትሪው የ10 ዓመት ወይም የ240,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣል፤ የቀደመው ነው የሚቆጠረው። በሌላ አገር ሌላ ሊሆን ስለሚችል የእናንተን የዋስትና ወረቀት ራስዎ ያንብቡ። ከአስመጪ ነጋዴ እጅ የተገዛ መኪና የኩባንያው ዋስትና ላይከተለው ይችላል።

ባትሪውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱን የሚያመጣው ደግሞ የምታውቁት ነገር ነው። ብዙ ሃይብሪዶች ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት ከተሳፋሪዎች ክፍል አየር ስበው ነው፤ የአየር መግቢያዋም ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ጎን ያለች ወንፊት መሰል ፍርግርግ ናት። አራት ልጅ ባለበት መኪና የዚያች ፍርግርግ ዕጣ ይታወቃል፤ የብስኩት ፍርፋሪ፣ ጠጉር፣ አቧራ፣ ከላይ የተወረወረ ሹራብ። ሹራቡ ሲከድናት ማራገቢያው ይጮኻል፤ አቧራው ሲጠቀጥቃት ባትሪው በዝምታ ይጋላል። ከበስተኋላዋ ማጣሪያ ያላቸውም አሉ፤ አውጥቶ ማጽዳት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። መኪናውን ሲረከቡ «የባትሪው አየር መግቢያ የት ነው?» ብለው ያስጠቁሙ፤ ልጆቹንም ያሳዩአቸው።

ወንድምዎ መካኒክ ናቸውና ሌላም ነገር ይመርምሩ። በግራንድ ሃይላንደር ምሳሌያችን የቤንዚኑ መኪና ባለ 2.4 ሊትር ተርቦ ሞተርና ባለ ስምንት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው ያለው። ቆጣቢው ሃይብሪድ ተርቦ የለውም፤ ሞተሩ 2.5 ሊትር፣ ረጋ ያለ ነው። ካምቢዮው ማርሽ አይቀያይርም፤ በአንድ የጥርስ ጎማዎች ስብስብ የሞተሩንና የኤሌክትሪክ ሞተሮቹን ኃይል ያዳምራል። ለብቻው የቆመ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) የለም፣ በቺንጋ የሚዞር ዲናሞም የለም፤ የሁለቱን ሥራ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ይሠሩታል። የፍሬን ሸራው ዕድሜም ይረዝማል፤ እንዲያውም ሥራ ስለሚፈታ ዲስኩ ዝገት እንዳይዘው አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጎ መያዝ ይመከራል። ስለዚህ «ሃይብሪድ ውስብስብ ነው፣ ቤንዚን ቀላል ነው» የሚለው እንደ ድሮው አይደለም። ውስብስቡ ኃይለኛው ነው፤ ተርቦውንም፣ ባለ ማርሽ ካምቢዮውንም፣ ባትሪውንም፣ የኋላ ጎማ የሚነዳውን ሌላ ሞተርም አንድ ላይ ተሸክሟል።

ኃይለኛ ሃይብሪዶችን ግን በደፈናው አልነቅፍም። ቶዮታ ሰኮያን ያየን እንደሆነ፣ የቀድሞው ባለ 5.7 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር) በሁለት ጎማ ተጎትቶ ለ100 ኪሎ ሜትር 15.7 ሊትር ገደማ ሲወስድ፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ሞዴል ጀምሮ በሃይብሪድ ብቻ የሚሸጠው አዲሱ 437 ፈረስ ጉልበት ይዞ 10.7 ገደማ ነው። ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ የሃይብሪዱ ድርሻ ትንሹ ነው፤ ዋናው ቪ8ቱ በትንሽ ተርቦ ሞተር መተካቱ ነው። ይህን እንዴት እናውቃለን? ያው ሞተር በቱንድራ ፒካፕ ላይ ያለ ሃይብሪድም ይሸጣል፤ በሁለት ጎማ የሚጎተተው ያለ ሃይብሪድ 11.8፣ ከሃይብሪድ ጋር 10.7 ገደማ። በአውራ ጎዳና ሁለቱ እኩል ናቸው። በሰኮያ ላይ ደግሞ ባትሪው ከሦስተኛው ረድፍ ሥር ስለተቀመጠ የኋላው ወለል ከፍ ብሏል፤ ወንበሩም ታጥፎ ከወለሉ ጋር አይስተካከልም። እንግዲህ የትኛውንም መኪና ስታዩ የኋላ በሩን ክፈቱ፤ እናትዎም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወጥተው ይቀመጡ፤ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ከደረሰ የነዳጁ ሒሳብ ዋጋ የለውም።

ተጎታች ያሉትን አልረሳሁም። ቆጣቢው ግራንድ ሃይላንደር እንዲጎትት የተፈቀደለት 1,590 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ቤንዚኑና ኃይለኛው 2,270 ገደማ። «ቀላል» ያሉት ተጎታች ከነጭነቱ ስንት እንደሚመዝን አስመዝኑ። ከአንድ ቶን በታች ከሆነ ችግር የለም። ሁለት ቶን ጭኖ በየሳምንቱ ዳገት ለሚወጣ ሰው ግን ፍርዴ ይገለበጣል፤ በረጅም ዳገት ትንሿ ባትሪ ቶሎ ትጎድላለች፣ ከዚያ በኋላ ሸክሙ ሁሉ በሞተሩ ላይ ነው፤ ቆጣቢው ሃይብሪድ 245 ፈረስ ጉልበቱን ይዞ ይጮኻል እንጂ አይሮጥም። ቤንዚኑ 265፣ ኃይለኛው 362 ነው። ጎርፍና ጭቃ የሚያቋርጥ ሰውም የራሱ ጥያቄ አለው። ሌክሰስ ኤልኤክስ 700ኤች የተባለውን ሃይብሪድ ሲሠራ ባትሪውን ውኃ በማያስገባ ሣጥን አኑሮታል፤ ተራውን ሞተሪኖና ዲናሞም አላወጣቸውም፤ የሃይብሪዱ ክፍል ቢበላሽ መኪናው በሞተሩ ብቻ ከበረሃ እንዲወጣ። እናንተ እንደ ጻፉልኝ ከአስፋልት የምትወጡ አይመስለኝም።

በሶኬት ስለሚሞላው በአጭሩ። ለምሳሌ ሌክሰስ ቲኤክስ 550ኤች ፕላስ በባትሪ ብቻ 53 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ማታ ማታ ቤታችሁ የምትሞሉት ከሆነ የትምህርት ቤቱ መንገድ ያለ ቤንዚን ያልቃል። የማትሞሉት ከሆነ ከባድ ባትሪ በከንቱ ታመላልሳላችሁ። መካከለኛ የለውም።

ሁለት ነገር ቁጠባችሁን ሊበላ ይችላል። አንዱ አጭር ጉዞ ነው። ትምህርት ቤቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ሞተሩ ራሱንና የጭስ ማጣሪያውን ለማሞቅ ብቻ ተነስቶ ሳይጠፋ ትደርሳላችሁ፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ የመኪናውን ውስጥ ለማሞቅ ሲል ይሠራል። የጠዋቱን መንገዶች አያይዛችሁ በአንድ ዙር ከጨረሳችኋቸው ይሻላል። ሌላው የጎማ ንፋስ ነው፤ ስለ እሱ የማያውቅ የለም፣ የሚለካ ግን ጥቂት ነው።

የእናንተ ቤት ሰባት ሰው ነው፤ ሰባት ወንበር ያስፈልጋችኋል። ይህን ዓምድ ለሚያነብ፣ ሰባት ወንበር ይዞ ዓመቱን ሙሉ ብቻውን ለሚነዳ ሌላ ሰው ግን፣ ሃይብሪድ ከመጨመሩ በፊት አንድ መጠን ዝቅ ይበል እላለሁ። ትንሹ መኪና አስቀድሞም ርካሽ ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረዎት ሙከራው ነው። ሻጩ በሚመርጠው ባዶ መንገድ አይሞክሩት። በሥራ ቀን ጠዋት፣ ቤተሰቡን ጭናችሁ፣ በራሳችሁ የትምህርት ቤት መንገድ ይንዱት፤ ከመነሳትዎ በፊት የጉዞ መቁጠሪያውን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ቤንዚኑንም በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንዲሁ። ባለቤትዎም ቆጣቢውን ራሳቸው ይንዱት፤ በዝግታ ሲነሳ ያለ ድምፅ የሚሄደው አካሄድ ሐሳባቸውን ሊያስቀይራቸው ይችላል። ካላስቀየራቸውና በ362 ፈረስ ጉልበት ከጸኑ፣ መብታቸው ነው፤ ደስታም ዋጋ አለው። የዋጋውን ልዩነት ግን ከነዳጅ በጀት ላይ አይነኩባችሁ፤ ከራሳቸው መዝናኛ ያውጡት።